ላልቶ የተነበበ ቃል

የምትሠራበት ክፍል መስኮት የለውም። ድሮ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። አሁን ግድግዳው ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ተወጥሮበታል፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ መሐሉ ላይ ማይክሮፎን ቆሟል። በሩ ሲዘጋ የገዛ ትንፋሿን ትሰማለች።

ሰው ሁሉ "አንባቢዋ" ይላታል። የማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያዎች ታትመው ቦርድ ላይ ሲለጠፉ፣ እሷ ያንኑ ወረቀት በድምጿ ትቀዳለች፤ ማየት የተሳናቸው የከተማው ነዋሪዎች ደግሞ በነጻ መስመር ደውለው ያዳምጡታል። ውሃ የሚቋረጥበት ሰፈር፣ የሥራ ቅጥር፣ የሚዘጋ መንገድ፣ የክትባት ቀን፣ ሁሉም በእሷ አፍ ያልፋል። ስትመጣ ለጊዜው ብላ ነበር። አስተማሪ ሳለች ጉሮሮዋ ታመመና ሐኪሙ "ከእንግዲህ ጩኸት ይቅርብሽ" አላት። እዚህ መጮህ የለም። ለጊዜው ያለችው ሥራ ላይ ፀጉሯ መሸበት ጀመረ።

አንድ ሰሞን ማዘጋጃ ቤቱ የሚያነብ ማሽን አምጥቶ ነበር። ማሽኑ ፊደሉን አሳምሮ ያውቃል፤ የቱ ቃል ጠብቆ የቱ ላልቶ እንደሚነበብ ግን ማን ይንገረው? ፊደላችን ይህን አይጽፍም። "ሰፊው መንገድ ይጠገናል" የሚለውን አላልቶ፣ ልብስ ሰፊው መንገድ አድርጎ አነበበው። ያን ቀን የአስተያየት መስጫው ስልክ አላርፍ አለ።

"ለመሆኑ ይኼ መንገድ የሚሰፋው በመኪና ነው በእጅ?" ብሎ የጠየቀው ብሩሽ ሠሪው ነበር።

ማሽኑ ተመለሰ። አንባቢዋ ቀረች። ስለዚህ ነገር ለማንም ባትናገርም በልቧ ትኮራበት ነበር።

ብሩሽ ሠሪው ዕድሜው ስድሳን ተሻግሯል። ከልጅነቱ ጀምሮ አያይም። አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ተቀምጦ የልብስ ብሩሽና የወለል መጥረጊያ ይሠራል፣ ይሸጣል። አዲስ ማስታወቂያ በተቀዳ ቁጥር ይደውላል፤ አንዳንዴ ለመጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ ለመቀለድ። እሷን "የእኔ ጋዜጣ" ይላታል። እሷ "ጋሼ" ትለዋለች። ፊት ለፊት ተገናኝተው አያውቁም።

በዚያ ዓመት መናኸሪያው ፈርሶ እንደ አዲስ ተሠራ። ሱቆቹ በዕጣ ሲደለደሉ ለብሩሽ ሠሪው ከኋላ፣ ከጎማ ጠጋኞቹ ባሻገር ያለው ጥግ ደረሰው።

"እዚያ ድረስ ብሩሽ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ካለ መንገድ ጠፍቶት ነው" አላት በስልክ። "እኔ የምፈልገው ተሳፋሪው ሲወርድ እግሩ የሚያደናቅፈው ዓይነት ቦታ ነው። ተደናቅፎ ይቅርታ ሲለኝ ብሩሽ እሸጥለታለሁ።"

ቀልዱ ቀልድ ቢሆንም ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ነበር። በበሩ በኩል ቦታ እንዲሰጡት ቅሬታ አስገባ።

ሐሙስ ዕለት ከምትቀዳቸው ወረቀቶች አንዱ እንዲህ ይላል፦ "በሱቅ ድልድሉ ላይ ቅሬታ ያቀረቡ ሁሉ ማክሰኞ ጠዋት በትንሹ አዳራሽ ይሰማሉ።"

መጨረሻው ቃል ላይ ስትደርስ ቆመች። ላልቶ ከተነበበ ሰዎቹ ሄደው ያዳምጣሉ ማለት ነው። ጠብቆ ከተነበበ ግን ሰዎቹ ይናገራሉ፣ ሌላው ያዳምጣቸዋል። ያለፈው ሳምንት ወረቀት "ውሳኔው በቅርቡ ይገለጻል" ብሎ ስለነበር፣ ውሳኔውን ሊሰሙ ነው የሚሄዱት ብላ አሰበች። ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ ማስታወቂያ ጸሐፊውን መጠየቅ ትችል ነበር። ግን ከትናንት በስቲያ ስለ ሌላ ቃል ልትጠይቀው ስትገባ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ "አሁንም መጣሽ? ለአንድ ቃል ደረጃ ከምትወጪ መዝገበ ቃላት አታገቢም?" ብሏት ቢሮው በሳቅ አውካክቶ ነበር። ፊቷ እስካሁን ይግላል።

በሩ ላይ ካለችው ትንሽ መስታወት ወዲያ ተቀምጦ ድምጿን የሚቀዳው ቴክኒሻን በጆሮ ማዳመጫዋ ተናገረ። "እመቤት፣ እንቀጥላለን ወይስ ፍራሽ ላምጣልሽ?"

አላልታ አነበበችው። ቀጠሉ።

ረቡዕ የውሳኔው ወረቀት መጣ። አንዱን አንቀጽ አንብባ ሁለተኛውን ጀመረች። "ማክሰኞ ቀርበው ያልተናገሩ አመልካቾች ቅሬታቸውን እንደተዉ ተቆጥሮ..." ድምጿ ተቆረጠ። "ያልተናገሩ" የሚለውን ደግማ በዓይኗ አየችው።

"ምነው?" አለ ቴክኒሻኑ።

"የሐሙሱን አሰማኝ።"

አሰማት። የራሷ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ አምሮ፣ ቃሉን እንደ ላባ አቅልሎ አለፈው። ቴክኒሻኑ አገጩን አከከ።

"ማን ያስተውለዋል ብለሽ ነው? ደግሞ ነገ ሐሙስ አይደል? ሳምንት የሞላው ቅጂ መጥፋቱ አይቀርም። ዛሬ ባጠፋው አንድ ቀን ቀደም አልን ማለት ነው።"

እሺ አላለችም። እምቢም አላለችም። ወረቀቱን አጣጥፋ እንደገና ዘረጋችው። ስልኩ ያኔ ጮኸ።

"የእኔ ጋዜጣ! ምነው ዘገየሽ? ውሳኔያችን ወጥቷል ሲሉ ሰማሁ።"

"ጋሼ... ማክሰኞ ሄደው ነበር?"

"ምን ልሠራ? ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቼ አንዱ ጉሮሮውን ሲጠርግ ከምሰማ፣ ካንቺው ብሰማ አይሻለኝም? በይ አንብቢልኝ።"

"ገና ነው። ነገ... ነገ ይደርሳል።"

"ድምፅሽን ምን ነካው? ጉንፋን ይዞሻል?"

"አዎ" አለች።

"ውይ! ትኩስ ነገር ጠጪበት። አደራ፣ አንቺ ከታመምሽ ከተማው ሁሉ ደነቆረ ማለት ነው።"

ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ እጇን አላነሳችበትም። መዋሸቷ ሳያንስ ሰውየው ስለ ጤናዋ ተጨነቀላት።

ቤቷ ውስጥ እናቷ የወጥ ቤቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። የእናትየው ዓይን ስለደከመ እሷም በልጇ መስመር እየደወለች ታዳምጣለች፤ ለጎረቤት ደግሞ ትተርካለች።

"እማዬ፣ የሐሙሱን ሰምተሽው ነበር? የባለሱቆቹን?"

"ሰምቼ! ማክሰኞ ሄደው ይሰማሉ አልሽ። ውሳኔያቸውን ነዋ።"

"ውሳኔ የሚል ቃል አለ እንዴ?"

እናትየው ልጣጩን ከጣቷ ላይ አራገፈች። "የለም ወይ? እኔማ እንደዚያ ነው የገባኝ። ታዲያ ምን ሊያደርጉ ኖሯል?"

"ሊናገሩ።"

"እና ሳይናገሩ ቀሩ?"

"አንድ ሰው ቀርቷል። የማውቀው።"

እናትየው መላጧን ትታ፣ "ያውቃል?" አለች።

"አያውቅም።"

"እንግዲያስ ራት ሳትበዪ ብትቆይ ለእሱ ምን ይጠቅመዋል? ብዪና ነገ ሂጂ።"

በላች።

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ በፊት መናኸሪያው ሄደች። የሲሚንቶ አቧራ እግር ስር ይበናል፤ ረዳቶች ከየአውቶቡሱ በር ላይ ይጣራሉ። ከጊዜያዊው አጥር ስር ሰውየውን አገኘችው። ጉልበቱ መሐል የእንጨት እጀታ ይዞ የብሩሹን ፀጉር በሽቦ እያሰረ ይስባል። ከምታስበው ይልቅ ትንሽ ሰው ነው። የሸሚዙ ቁልፎች እስከ አንገቱ ተቆልፈዋል።

"ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?"

እጁ ቆመ። ፊቱ በራ። "የእኔ ጋዜጣ! በእግርሽ መጣሽ? ጉድ እኮ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ቤት ለቤት ማደል ጀመርሽ!"

አጎንብሳ ነገረችው። ቃሉን ላልቶም ጠብቆም ብላ አሰማችው። ሰበብ ልትጨምር አሰበችና ስለ ጸሐፊውም ስለ ደረጃውም ሳትናገር ቀረች። ብሩሽ ሠሪው ሽቦውን ጣቱ ላይ ጠቀለለ፣ ፈታ፣ እንደገና ጠቀለለ።

"ቁልፍ ሠሪው" አለ፣ በአገጩ ወደ ጎን እያመለከተ፣ "ሰኞ ማታ መጥቶ 'ነገ እንናገራለን፣ አብረን እንሂድ፣ እጅህን ይዤ እወስድሃለሁ' ብሎኝ ነበር። ሳቅሁበት። 'አንተ ዘበኛ ጠይቀህ ነው፤ እኔ ከአንባቢዋ አፍ ነው የሰማሁት' አልኩት።"

ከአጠገቡ ቁጢጥ አለች።

"ይናደዱብኝ፣ ጋሼ። ይስደቡኝ።"

"ምን ብዬ?" አለ ቀስ ብሎ። "መጥተው ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ።"

መጥተው። በዕድሜ የሚበልጣት ሰው፣ ስንት ዘመን አንቺ ሲላት የኖረ ሰው፣ አንቱ አላት። ስድቡ ይሻላት ነበር።

ቦርሳዋን ከፍታ ስልኳን አወጣች። ቴክኒሻኑ አነሳ።

"የሐሙሱን አጥፍተኸዋል?"

"ትናንት ላጠፋው ብዬ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ፤ በዚያው ረሳሁት። አሁን..."

"ስንፍናህ ይባረክ! እንዳትነካው።" ከዚያ ወደ ብሩሽ ሠሪው ዞረች። "ጋሼ፣ አብረን ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ጋ እንሂድ። ቅጂው አለ። የተሳሳትኩት እኔ መሆኔን እነግራቸዋለሁ።"

"ሥራዎ ላይ ችግር አያመጣብዎትም?"

"ያመጣ ይሆናል።"

ትንሽ አሰበ። ብሩሹን ከረጢት ውስጥ ከቶ ተነሳ። ክንዷን እንዲይዝ ብትጠጋውም የያዘው በትሩን ነበር።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ቅጂውን ሁለቴ አስደግሞ ሰማ። ማስታወቂያ ጸሐፊውም ተጠርቶ መጣ።

"እኔ እንደፈለግሽ አንብቢው ብዬሻለሁ?" አላት ገና ሳይቀመጥ።

"አላልከኝም። ግራ ገብቶኝ ነበር፤ አልጠየቅኩህም።"

ጸሐፊው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መዝገበ ቃላቱ ትዝ ብሎት እንደሆነ አላወቀችም።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም። "ነገሩን አናክብደው" አለ። "በቴክኒክ ችግር ምክንያት ብለን ጉዳዩን እንክፈትለት። ማንንም አይጎዳም።"

አንባቢዋ አንገቷን ልትነቀንቅ ምንም አልቀራትም። በቴክኒክ ችግር! እንዴት ያለ ለስላሳ ቃል ነው። ውስጡ ሰው የለበትም።

"ቴክኒክ የተባለው ሰውዬ እዚህ አለ?" አለ ብሩሽ ሠሪው ከጥጉ ወንበር። "ካለ ይቅረብና ይናገራ።"

አንዱ የኮሚቴ አባል ሳቁ አመለጠው።

"የለም" አለች አንባቢዋ። "እኔ ነኝ። በእኔ ስህተት ተብሎ ይጻፍ። በመስመሩም ላይ እንደዚያው አነብበዋለሁ፤ እንደ እሱ የቀረ ሌላ ሰው ካለ ይወቀው።"

ተጻፈ፣ ፈረመች። ማስጠንቀቂያ እንደሚደርሳት ሰብሳቢው እየተከዘ ነገራት። ከዚያ ወደ ጥጉ ዞሮ "እሺ፣ አባት፣ እንስማዎት" አለ።

ብሩሽ ሠሪው ተነስቶ ተናገረ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ በሩ ያለውን እያንዳንዱን ጠርዝ በእግሩ እንደሚያውቀው፣ የኋላው ጥግ የሚደረሰው በመኪኖች መሐል ተሹለክልኮ እንደሆነ፣ ጎማ ሲነፋ ጆሮው ስለሚደፈን ደንበኛ ቢጠራው እንኳ እንደማይሰማ አስረዳ። በስልክ ከምታውቀው ቀልደኛ ድምፅ ይህ ሌላ ነበር። አንባቢዋ ከበሩ ጀርባ ቆማ አዳመጠችው። እስከዛሬ ይህን ሰው እንደ ጆሮ ነበር የምታስበው። ሐሙስ ቃሉ ላይ ቆማ ስታመነታ፣ የሚናገር ሰው ሆኖ አልታያትም። የጸሐፊው ፌዝ በኋላ ያገኘችለት ሰበብ ነው። ይህን ለማንም አልነገረችም፤ ማንም አልጠየቃትም።

ኮሚቴው ተመካከረ። በሩ አጠገብ ያለው ሱቅ ለቁልፍ ሠሪው ተሰጥቷል፤ አይመለስም። ያልተያዘ አንድ ቦታ ቀርቷል፤ በጎን በር በኩል፣ ከደረጃው ስር። "አይተውት ይወስኑ" አለ ሰብሳቢው፣ ከዚያ የተናገረው ነገር ገብቶት ፊቱ ቀላ።

"አይቼ እመጣለሁ" አለ ብሩሽ ሠሪው።

አብረው ሄዱ። የጎን በሩ ከዋናው ይጠባል፤ ሰው ግን ይተላለፍበታል። ከደረጃው ስር ስትደርስ ቆመች። ቦታው ከነቀለሙ አዲስ ነው። በደንብ ብርሃን ይገባል። ከላይ ግን የውሃ ቱቦ ያልፋል፤ ከመገጣጠሚያው ስር ግድግዳው ረጥቦ ጠቁሯል።

"ጥሩ ነው" ልትል ነበር። ጥሩ እንዲሆን ፈለገች፤ በጣም ፈለገች። ጥሩ ከሆነ እሷም ትንሽ ይቀላታል።

"ያዩትን ይንገሩኝ" አለ ሰውየው። "የመሰለዎትን ሳይሆን።"

ሁሉንም ነገረችው። ቱቦውንም ነገረችው። እጁን ዘርግቶ ግድግዳውን ዳሰሰ፣ ጣቱን አሸተተ።

"ያንጠባጥባል?"

"አሁን አያንጠባጥብም። አንጠባጥቦ ያውቃል ግን።"

"ክረምት ሲመጣ ፀጉሩ ይሻግትብኛል" አለ ለራሱ እንደሚናገር። መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ በትሩን አነሳ። "ቱቦውን ይጠግኑና እቀበለዋለሁ። ይህንኑ ሄጄ ልንገራቸው።"

"እኔ ልንገርልዎት?"

"የለም" አለ። "እኔ እነግራቸዋለሁ። እርስዎ መንገዱን ብቻ ያሳዩኝ።"

ከፊቱ ቀድማ ሄደች። ደረጃው መጀመሪያ ላይ ስትደርስ "ደረጃ ነው፣ ጋሼ" አለች፤ በስተቀኝ በኩል መደገፊያ እንዳለው ከመናገሯ በፊት ዞር ብላ መኖሩን አየች።