ከውጭ እንግዶች ተርታ

ወይዘሮ ሺዙኤ ጃፓን ውስጥ በማትሱዬ ከተማ ተወልደው፣ እዚያው የሻይ ሥርዓት ሲያስተምሩ አርባ ዓመት ሞላቸው። ወላጆቻቸው ከኮሪያ የመጡ በመሆናቸው ግን መታወቂያቸው ዛሬም «የውጭ ዜጋ» ይላል።

ማዘጋጃ ቤቱ ለከተማው በዓል ሲጠራቸው፣ ሻዩን የሚያቀርቡት እሳቸው መስሏቸው ኪሞኗቸውን ለብሰው ሄዱ። ያስቀመጧቸው ከውጭ አገር እንግዶች ተርታ ነው። ሻዩን ይዛ የመጣችው የገዛ ተማሪያቸው ካዮ ነበረች።

«ከመጠጣትዎ በፊት ጽዋው ላይ ያለው ሥዕል ወደ ውጭ እንዲሆን ያዙሩት» አለች አቀርቅራ። «እኛ ጃፓኖች እንዲህ ነው የምንጠጣው። ይቅርታ እትዬ፣ ለእንግዳ ሁሉ በሉ ተብለን ነው።»

«ምን አጠፋሽ ልጄ? እንግዳ ነኝ።»

አርባ ዓመት ተማሪ የተቆጡበትን ጥፋት ራሳቸው አጠፉት፤ ጽዋውን ሳያዞሩ፣ አፋቸውን ሥዕሉ ላይ አድርገው ጠጡ።