በግራ እግር የታሰረው ቀለበት

ሳያውቅ የበደለ ሰው በደለኛ አይደለም የሚል ፍርድ አለ። ሰዎች ይህን ፍርድ ይወዱታል፤ ብዙውን ጊዜ የሚበይኑት ለራሳቸው ነውና። ፍርዱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አለማወቅ የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ሰው የሚመዘነውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ሰውየው ሰኮና ጠራቢ ነበር። አባቱም በጋሪ ፈረሶች ጓሮ ውስጥ ጎንበስ እንዳሉ ያረጁ ሰኮና ጠራቢ ነበሩ። ከእሳቸው ሞረዱን፣ ጉጠቱንና አፉ የታጠፈውን ቢላ ወረሰ፤ ከዕቃዎቹም ጋር አንድ ሥርዓት ወረሰ፦ ፈረስ በግራ ይቀረባል። ልጓሙ የሚገባው፣ ኮርቻው የሚጫነው፣ እግሩ የሚነሣው በግራ በኩል ነው። ለምን ተብሎ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። እጁ ከአእምሮው ቀድሞ ያውቀው ነበር።

በሠላሳ ዓመቱ በእንስሳት ሕክምና ተቋም ተቀጠረ። የሥራ ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ሥር ካለች፣ ከውጭው መሬት ጋር እኩል ከሆነች ባለ ብረት መስኮት ነው። በእሷ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነበር። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ የተቋሙን ሰው ሁሉ በአረማመዱ ይለየዋል።

«ጋሽ ሰኮና፣ ዛሬስ እነማን አለፉ?» ይሉታል ለጨዋታ።

«መዝገብ ቤቷ አልፋለች። አዲሱ ጫማ ነክሷታል፤ ዛሬ ፋይል የፈለገ ሰው እርሙን ያውጣ።»

ቤቱም የተቋሙ ነበር፤ ከጋጣዎቹ ጀርባ፣ በዚያው አጥር ውስጥ፣ ሁለት ክፍል። ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ መቶ ሃምሳ እርምጃ ይሄድና ደረጃውን ይወርዳል፤ ማታ ደረጃውን ወጥቶ ያንኑ ይመለሳል። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ ፈረሶቹ እንኳ ካንተ ይልቅ አገር አይተዋል» ትለዋለች። አንዲት ልጅ አለቻቸው።

የዱር ፈረሶች ጥናት ሲጀመር እሱ ሳቀ። «ማንም ያልጠረበው ሰኮና ለጠራቢ ምን ያስተምራል?» አለ። አስተማረው። በውሃ ዳር ጭቃ ላይ የቀረው የፈረሶቹ ኮቴ፣ ጀሶ ፈስሶበት ሲደርቅ፣ ጠርዙ የተድበለበለ፣ መርገጫው ወፍራም ሆኖ ወጣ። እሱ ደግሞ እንደ አባቱ የጋሪ ፈረሶችን መርገጫ እስኪሳሳ ድረስ ይልጥ ነበር። መላጡን ተወ፤ ጠርዙን ብቻ እንደ ዱር ፈረሶቹ ማድበልበል ጀመረ። በኮረት መንገድ ላይ እያነከሱ ይገረፉ የነበሩ ፈረሶች በጥቂት ወራት ውስጥ ደልደል ብለው ረገጡ። ይህ ሳይነገር መታለፍ የለበትም፤ ጥናቱ ዋጋ ነበረው። ዋጋ የሌለውን ነገር መተው ማንንም አያስጨንቅም።

የጥናቱ ኩራት ገርነቱ ነበር። መሪው ፕሮፌሰር «አንድ ጊዜ ብቻ እንነካቸዋለን» የሚል ሕግ አወጡ። አንድ ጠዋት ዐሥራ አንድ ፈረሶች ተነድተው በረት ገቡ፤ በእያንዳንዳቸው አንድ የፊት እግር ላይ፣ ከሰኮናው ከፍ ብሎ ባለው ቀጭን ቦታ፣ እርምጃቸውንና መሬት የሚመቱበትን ኃይል ቆጥሮ የሚልክ ቀለበት ታሰረ፤ ተለቀቁም። ከዚያ ወዲያ የሰው እጅ አልደረሰባቸውም። የሜዳው ጠባቂ በመነጽር ከሩቅ ያያቸዋል፤ በየወሩም የኮቴያቸውን ጀሶ ያመጣል። ቀለበቶቹን ያሰረው ጠራቢው ነበር። አንድ ጣት እያስገባ ልልነታቸውን አረጋገጠ። ከሁሉም ታናሿ አንዲት የሁለት ዓመት ዳማ ባዝራ ነበረች፤ ስታስቸግረው ሳቀና «ቆይ እንጂ እመቤቴ፣ ጌጥ እኮ ነው» አላት።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈ። ልጁ የእንስሳት ሐኪም ሆና፣ በዚያው ጥናት ላይ የዶክትሬት ሥራዋን ትጽፍ ነበር። ያደገችው በፈረስ እግር መካከል ነው፤ በትምህርት ቤትም «የጠራቢው ልጅ» ሲሏት ቀና ብላ «አዎ» ትል ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ አላረፈችም። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጽሑፏ አራተኛ ምዕራፍ ነበር፦ የዱር ፈረስ የግራ የፊት እግሩን ከቀኙ ቀለል አድርጎ ይረግጣል፤ የግራው ሰኮናም ጠበብና ረዘም ይላል፤ ተፈጥሮው ነው። ፕሮፌሰሩ ከዚህ ተነሥተው ለጠራቢዎች መመሪያ አዘጋጁ፤ የለማዳ ፈረሶችም የግራ ሰኮና ረዘም ተደርጎ ይተው ተባለ።

ልጅቱ ሥራዋን በፈታኞች ፊት ልታቀርብ ሦስት ሳምንት ሲቀራት ጠራቢው ክፍሉን አጸዳ። በሩን ደግፎ የሚያቆመውን የጀሶ ኮቴ አንሥቶ አቧራውን ጠረገ። ቀለበት ከመታሰሩ በፊት፣ የጀሶውን ውፍረት ለመሞከር እሱ ራሱ በዱር ፈረሶቹ ኮቴ ላይ ያፈሰሰው ነበር፤ ቁጥር ስላልተሰጠው ከጥናቱ ማንም አልቆጠረውም። ጥንዱን ከጠረጴዛው ሥር ፈልጎ አወጣ። ግራና ቀኙ እኩል ነበሩ። ሌላ ጥንድ አወጣ። እኩል ነበሩ። ዞሮ መደርደሪያውን አየ፤ የዐሥራ አንዱም ፈረሶች የግራ ኮቴ ጠባብና ጥልቀት የሌለው ነው።

ቀለበቱ በየትኛው እግር እንደታሰረ ልብ ብሎ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። መዝገቡ «በአንድ የፊት እግር» ይላል፤ ሌላ አይልም። የዱር ፈረስ ግራውን አይቆጥብም። ቀለበት ያለባቸው እነዚህ ዐሥራ አንዱ ብቻ ናቸው የሚያማቸው።

በዚያ ምሽት እራት ላይ ልጅቱ ኮምፒዩተሯን ከሳህኑ አጠገብ ከፈተች።

«አባዬ፣ ስማኝማ። ዳማዋ ዛሬ ደግሞ ከትናንቱም ቀለል አድርጋ ነው የረገጠችው። ከሁሉም አጉልታ የምታሳየው እሷ ናት።»

«እንዲህ ከሆነማ ፈረሷ ናት የምታስመርቅሽ» አለች እናትየው። «በምረቃው ቀን ወንበር ይያዝላት።»

ሁለቱ ሳቁ። እሱ እጁን ከሳህኑ ሰበሰበ። ባዝራዋ አድጋለች፤ ቀለበቱ አላደገም። ልጁን የሚያስደስታት ቁጥር ሁሉ የሕመም ልክ ነበር፤ ሕመሙ በባሰ ቁጥር ማስረጃው ይጠነክራል።

በማግስቱ ለሚስቱ ነገራት። ልብስ እያሰጣች ነበር፤ እጇ ገመዱ ላይ ቀረ።

«እና አሁን ነው የምትነግራት?»

«መቼ ልንገራት ታዲያ?»

«ታልፍና ትነግራታለህ። ስድስት ዓመት የለፋችበትን! ፈረስ ሦስት ሳምንት መታገሥ ያቅተዋል?»

«ቢያቅተውስ ማን መጥቶ ይነግረናል?»

«ልጅህስ ቢያቅታት?» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መግቢያ መውጫ አጣ። ደረጃውን ሲወርድ መደርደሪያው ይጠብቀዋል፤ ቤቱ ሲገባ ቁጥሩ ይነበብለታል። በመካከል ያለው መቶ ሃምሳ እርምጃ ብቻ የራሱ ነበር፤ እሱም በየቀኑ እያጠረ የሄደ መሰለው። ሁለት ጊዜ እስከ ፕሮፌሰሩ በር ሄደ። በመጀመሪያው ጊዜ በሩ ተዘግቶ አገኘውና ደስ አለው። በሁለተኛው ጊዜ እሳቸው ሲወጡ ተገጣጠሙ፤ ትከሻውን ያዝ አድርገው፦

«ጋሼ፣ እርስዎን ስፈልግ! አዲሱን አጠራረብ ለሠልጣኞቹ የሚያሳዩልን እርስዎ ነዎት» አሉት።

«እኔ እንኳ፣ ፕሮፌሰር፣ ለሌላ ጉዳይ…»

«የልጅዎን ግኝት ከአባቷ እጅ ቢማሩት አያምርም? በሉ እንግዲህ፣ ነገ ጠዋት።»

በማግስቱ ዐሥራ ሁለት ጠራቢዎች ከበውት ቆሙ። አንዲት ለማዳ ባዝራ ቀረበችለት፤ የግራ እግሯን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ሰኮናዋን እንደ መመሪያው ረዘም አድርጎ ተወው። አንድ ሽበታም ሠልጣኝ «ጋሼ፣ ግራው ለምንድን ነው የሚረዝመው?» ብሎ ጠየቀ።

«ጥናቱ እንዲህ ይላል» አለ።

ይህ መልስ ሐሰት የለበትም፤ የተናገረውን ሰው ግን ከሐሰተኛ አይለየውም። ሠልጣኞቹ ሲሄዱ ተመልሶ የባዝራይቱን ሰኮና በሞረድ አስተካከለ። እሷን አስተካከለ፤ የተማሩትን ዐሥራ ሁለቱን ሰዎች ግን አላስተካከለም።

ለፈተናው ስድስት ቀን ሲቀር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ልጅቱ ወረቀቶቿን ይዛ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ልትለማመድ ፈልጋ ነበር። እሱን በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ ከመደርደሪያው ፊት ቆማ ዐርባ ደቂቃ ተናገረች። ጥሩ ተናገረች። ስታበቃ ላቧን ጠርጋ፦

«በል አሁን ጠይቀኝ። እንደ ክፉ ፈታኝ ሆነህ፤ እንዳታዝንልኝ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«አባዬ ሙት! አንድ ጥያቄ ብቻ።»

ወለሉን እያየ «ቀለበቱ ያለው በየትኛው እግር ነው?» አላት።

«በፊት እግር።»

«በየትኛው የፊት እግር?»

ልትመልስ አፏን ከፈተችና ወረቀቷን ገለጠች። አንዱን ገልብጣ ሌላውን አየች። ገጽ መግለጧ ዝግ እያለ ሄደ፤ በመጨረሻም ዐይኗን ወደ መደርደሪያው አነሣች።

«ያሰርከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ሁሉንም በግራ።»

«ለምን በግራ?»

«ፈረስ የሚቀረበው በግራ ስለሆነ።»

ሌላ ምክንያት ይኖረዋል ብላ ጠበቀች። አልነበረውም። እሱ ከጠረጴዛው ሥር ሁለቱን አሮጌ ጥንዶች አውጥቶ ፊቷ ደረደረ። እንደ ሐኪም አየቻቸው፤ በጣቷ ለካቻቸው፤ ለመረዳት ብዙ አልፈጀባትም።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ዛሬ ዐሥራ አምስተኛ ቀኑ ነው።»

«ዐሥራ አምስት ቀን!» ድምፅዋ ተሰበረ። «ዐሥራ አምስት ቀን ማታ ማታ ቁጥር ሳነብልህ፣ ቁጭ ብለህ እየበላህ ትሰማኝ ነበር? ለእኔ አዝነህ ነው አይደል? አይ አባዬ! በእኔ አሳበብክ እኮ!»

ለራሱ ሲል ዝም እንዳላለ ሊነግራት ፈለገ። ነገር ግን የሃያ ስድስት ዓመት ሥራውን፣ ቤቱን፣ የፕሮፌሰሩን ክንድ ትከሻው ላይ አሰበና ያን ለማለት አልደፈረም።

ወረቀቶቿን ሰብስባ ወጣች። ወደ ፕሮፌሰሩ ነበር የሄደችው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስትመለስ ፊቷ ደርቆ ነበር።

«አንድ መስመር ጨምሪበት አሉኝ። 'የቀለበቱ አቀማመጥ ተጽዕኖ ሊኖረው ይችላል' የሚል። ቀለበቶቹ ባትሪያቸው እስኪያልቅ ይቆያሉ፤ ፈረሶቹን ዳግመኛ መንካት ሕጋችንን ማፍረስ ነው አሉ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ለፈታኞቹ ራሴ እነግራቸዋለሁ አልኳቸው። ያኔ ቀለበቶቹ እንዲወልቁ ፈቃዱን ፈረሙ።» በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «ለብዙ ሺህ የጋሪ ፈረሶች ይጠቅማል ብዬ ነበር የምሠራው። በእነሱም ላይ የተሳሳተ አጠራረብ ላመጣባቸው ነበር።»

አራተኛው ምዕራፍ ከጽሑፏ ወጣ፤ የምታቀርብበት ቀንም በአንድ ዓመት ተራዘመ። እናትየው ሁለቱንም ለሦስት ቀን አላነጋገረቻቸውም። መኪናና ፈረሶቹን የሚነዱ ሰዎች ሲገኙ አራት ቀን አልፎ ነበር፤ ጠራቢውና ልጁ ወደ ሜዳው ወጡ። ፈረሶቹ ተነድተው በረት ገቡ። በረቱን ያውቁታልና እየተራገጡ፣ አጥሩን በደረታቸው እየገፉ ነው የገቡት። ዐሥር ቀለበት በጉጠት ተቆረጠ። ከሥሩ ጠጉሩ የተገፈፈ፣ የቆሰለ፣ ያበጠ እግር ነበር፤ ሁሉም ግን የሚድን ነው አለች ልጅቱ።

ዳማዋ በመንጋው ውስጥ አልነበረችም። ጠባቂው ከውሃው በታች ወዳለ ጎድጓዳ ስፍራ መራቸው። በሦስት እግሯ ቆማ አገኟት። ሰው ሲቀርባት አልሸሸችም፤ አቅሙም አልነበራትም። ቀለበቱ አይታይም፤ ሥጋው ዙሪያውን ገጥሞበታል። ልጅቱ ተንበርክካ ለረጅም ጊዜ ዳሰሰችው፤ መግል እጇ ላይ ወረደ። ከዚያም ተነሥታ ቦርሳዋን ከፈተችና መርፌውን አዘጋጀች። የባዝራዋን አንገት አቅፎ ያዘ። ስትወድቅ ከነክብደቷ አብሮ እስከ መሬት ወረደ።

ሲጨርሱ፣ እዚያው እንደተቀመጠ፣ «ያወቅኩ ዕለት ብነግርሽ ኖሮ ትድን ነበር?» አላት።

ልጁ እጇን በሣር ጠረገች። ልታጽናናው ትችል ነበር። «አጥንቱ የተበላው በቅርቡ ነው» አለች። «አዎ፣ ትድን ነበር።»

ቀለበቱን ሲያስር የሚያመጣውን አያውቅም ነበር፤ በዚህ ማንም አይከሰውም። ካሰረ በኋላ ግን በማደግ ላይ ያለች ባዝራ እግር ላይ የተወውን ነገር ተመልሶ ማየት ነበረበት፤ ያወቀ ዕለትም መናገር ነበረበት። ለዳማዋ የሚገባት ይኸው ነበር። የመጀመሪያውን አላደረገውም፤ ሁለተኛውን ዐሥራ አምስት ቀን አዘገየው።