የቆርቆሮው በርና የዘይነብ ንባብ

የዚያን ቀን ክፍል ውስጥ የነበርነው እኛ የሦስተኛ ክፍል ልጆች፣ መምህርታችን እትዬ ሙሉ፣ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ የምትቀመጠው ዘይነብ፣ አባቷ ጋሽ እንድሪስ፣ እንዲሁም ከነፋስ ጋር ሲጣላ የሚውለው የቆርቆሮ በር ነበርን። ትናንት የመጨረሻዋ ልጄ፣ ብርድ እንዳይመታት ነጠላዬን ደርቤላት እንግሊዝኛ ስታነብ፣ መዳፏን አገጯ ሥር አደረገች፤ ከእኔ የተማረችው ትምህርት እሱ ብቻ ነው። ያ ቀን ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ ሐይቅ ከተማ ስንማር እትዬ ሙሉ ረጅም ቃል የሚያስነብቡን እንዲያ አገጭ አስይዘው ነበር፤ አገጭ ዝቅ ባለ ቁጥር የቃሉ አንድ ቁራጭ ተነበበ ማለት ነው። ቁራጩ በአናባቢ ሲያልቅ በሩን ወለል አድርገው «ሂ!» ይላሉ፣ በእንግሊዝኛ «እሱ» ማለት ነው፤ ድምፁ የሐይቁ ውሃ ድረስ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ከአናባቢው ኋላ ሌላ ፊደል ሲቆም በሩን ድርግም አድርገው «ሄን!»፣ ዶሮ ማለት ነው፤ ድምፁ አጥሮ እኛው ጋ ይቀራል። እንደ ቋጥኝ የምፈራው የፈረንጅ ቃል እንደ ዳቦ ሲቆረስ አፌን ከፍቼ አይ ነበር።

የዚያን ቀን ጋሽ እንድሪስ የመጡት ዘይነብን ከትምህርት ሊያስወጧት ነው።

«ጓዲት መምህርት፣ የሰማችውን ከምትለፈልፍ ሱቅ ትርዳኝ» አሉ።

እትዬ ሙሉ ሰሌዳው ላይ ሆቴል ብለው በእንግሊዝኛ ጻፉ። ዘይነብ በአንድ እጇ አገጯን፣ በሌላው የኔን እጅ ጨብጣ «ሆ... ቴል» አለች።

አባቷ ሳቁ። «ደሴ ስወጣ የምበላበትን! ይሄንንማ ሰምታው ነው።» ከዚያ፣ በልጅነታቸው ቁርኣን ቤት ከኋላ ወደ ፊት እያስነበቡ እንደፈተኗቸው፣ «እስቲ ኋላውን ወደ ፊት አምጪልኝ» አሉ።

እትዬ ሙሉ ሁለቱን ቁራጮች ገልብጠው ጻፉ። የዘይነብ አገጭ ዝቅ አለ፣ ደግሞ ዝቅ አለ።

«ቴል... ሆ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ምንም። እንዲህ ያለ ቃል የለም፣ ጋሽ እንድሪስ» አሉ እትዬ ሙሉ።

«የሌለውን አነበበችው?» ሰሌዳውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። «ማሻአላህ! በይ ተማሪ፣ ልጄ። ሱቁን እኔው እጠብቀዋለሁ።»

እኔ እናቴ ስትታመም ከአምስተኛ ክፍል ቀረሁ። ዘይነብ ቀጠለች፤ ኋላ ቤተሰቧ ወደ ውጫሌ ሄደና ወሬዋ ጠፋኝ። ክፍላችን ፈርሶ በግንብ ተሠርቷል፣ የአዲሱ በር ድምፅም አይሰማም። የዚያን ቀን የጨበጠችኝ እጅ ግን እስከ ዛሬ ይሞቀኛል።

ዘይነብ እንድሪስን ያያት ካለ፣ ደህና መሆኗን ይንገረኝ።