የቁም እድር

ሰው ሲቸገር አንገቱን ይደፋል ይባላል። የእኔ አንገት ሲቸግረኝ ይብስበታል፤ ቀጥ ይላል። እናቴ በልጅነቴ “ይቺ ልጅ ሳትለምን በረሃብ ትሞታለች” ትል ነበር። ሮም ላይ ልጄ ስትታመም ግን መለመን ግድ ሆነብኝ። ለመንኩም፤ የለመንኩት ግን እየተጣላሁ ነው።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። እኔና ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ወጥተን ቶር ፒኛታራ በሚባል የሮም ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እኔ ሰው ቤት እሠራለሁ፣ እሱ ምግብ ቤት ሳህን ያጥባል። ልጃችን አራት ዓመቷ ነበር። ደረጃ ስትወጣ ከንፈሯ ይበልዛል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ከዚያ እዚያው ቁጢጥ ትላለች። ልጅነት መስሎን “ተነሺ እንጂ” እያልን ስንቆጣት ከርመናል። ሐኪሙ ግን ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ፣ ኦፕራሲዮን ካልሆነች ዓመቱን አትጨርስም አለን። አሠሪዬ አላስመዘገበችኝም፣ ስለዚህ የሕክምና መድኅን የለንም። ወጪው ከእኛ አቅም በላይ ነበር።

ኤምባሲ ሂዱ ያሉን ነበሩ። ሸሽቼ የወጣሁትን መንግሥት ደጅ አልጠናም አልኩ። ባለቤቴ በዚህ ተቀይሞኝ ሰነበተ፤ እውነቱን ነው፣ ልጅ የታመመበት ሰው ደጅ አይመርጥም። እኔ ግን መረጥኩ።

አሠሪዬ በበኩሏ መላ አመጣች። “አሎራ፣ እንግዲያውስ፣” አለችኝ ሲኞራ፣ “እሁድ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ይዘሻት ቁሚ። ያረጀ ቀሚስ አልብሻት፤ ሰው እንዲያ ሲያይ እጁ ይፈታል።” ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። “ልጄ ያረጀ ቀሚስ የላትም” አልኳት። ሁሉም ቀሚሷ ያረጀ ነበር። ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበውን ሳህን እንደገና አጠብኩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሰው ቤት ሠራተኛ ሁሉ ዕረፍት ነው። እድራችንም ያን ጊዜ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር፣ ያገራችን ሰው በከፈተው ቡና ቤት ጓዳ ይሰበሰባል። ሰው ሲሞት መቅበሪያውን፣ ሲቻልም ሬሳ አገር መላኪያውን ይከፍላል። ለበሽታ ግን ሰባራ ሳንቲም አይወጣም። ደንቡ እንዲህ ነው፤ የደንቡ ጠባቂ ደግሞ የእድሩ ዳኛ፣ እድሜያቸው የገፋ፣ የአንድ ትልቅ ሕንፃ በረኛ ነበሩ።

መጀመሪያ ባለቤቴ ተነስቶ በለሆሳስ ለመነ። ዳኛው አንገታቸውን ነቀነቁ።

“ልጄ፣ አንጀቴ ይላወሳል። ግን ደንቡ ለሞት ነው።”

ይሄኔ እኔ ተነሳሁ።

“ጋሼ፣ ልጄ ብትሞት ትከፍላላችሁ?”

“እግዜር አይበለው!”

“አይበለው። ብትሞት ግን ትከፍላላችሁ ወይ?”

“እንግዲህ ደንብ ነው፤ እንከፍላለን።”

“እንግዲያው አሁን ስጡኝ።”

ሴቶቹ በአንድ ላይ አማተቡ። “ኧረ ሟርት! ኧረ በስመ አብ በይ!” ይላሉ። አንዷማ “በገዛ ልጇ!” ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። ባለቤቴ ቀሚሴን ይጎትታል። እኔ ግን አንዴ አፌን ከፍቻለሁ፣ መመለሻም የለኝም። ዳኛው ስለ አባታቸው የቁም ተዝካር ሲያወሩ ያልሰማ የእድሩ አባል አልነበረም። አባትየው በሕይወታቸው ሳሉ ደግሰው፣ ካህናት ጠርተው፣ ድሃ አብልተው፣ ለነፍሳቸው የሚደረገውን በዓይናቸው አይተው ነው ያረፉት። ዳኛው ይህን ሲተርኩ ደረታቸው ይነፋ ነበር።

“ጋሼ፣” አልኳቸው፣ “አባትዎ ተዝካራቸውን በቁማቸው ሲያወጡ ሟርት ነው ያላቸው ሰው ነበር?”

“ምን ሲባል! እሱማ ጽድቅ ነው።”

“ለሸመገለ ሰው የቁም ተዝካር ከተፈቀደ፣ ለአራት ዓመት ልጅ የቁም እድር ማን ከለከለ? ከሞተች በኋላ በገንዘባችሁ ምን ላድርግበት? ሣጥን ልግዛበት? ሣጥኑ ይቅርብኝ፤ ልጄን ስጡኝ።”

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ።

“አንድ ነገር ግን ልብ በይ” አሉ በመጨረሻ። “እድር ለአንድ ሰው ሁለቴ አይከፍልም። እግዜር አያድርገውና ልጅቷ ብትቀድምሽ፣ ከኛ የምትጠብቂው የለም።”

“ተስማምቻለሁ። ድርሻዋን ከወሰደች ወዲያ መሞት አይፈቀድላትም።”

አንዷ ሳቋ አመለጣት። ሌላዋ ተከተለች፣ እያለቀሱ የሚስቁም ነበሩ፣ እጅም ወጣ። ሁሉም አላወጣም፤ ግን በአብላጫው ገንዘቡ ተፈቀደልኝ። ያን ቀን ያኮረፉኝ ሴቶች ለብዙ ጊዜ ሰላምታዬን በሩቁ ነበር የሚመልሱት።

ኦፕራሲዮን የገባች ቀን ያ ሁሉ ጀግንነቴ ከኮሪደሩ አልተሻገረም። ፈራሁ። ብትሞት “የእናቷ አፍ ገደላት” ይሉኛል፣ እኔም አምናቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ባለቤቴ ውዳሴ ማርያም ይደግማል፤ እኔ ከእመቤታችን ጋርም ተጣላሁ፣ “አንቺም እናት ነሽ፣ ታውቂዋለሽ” እያልኩ። ሐኪሙ ወጥቶ ጭንቅላቱን ከፍ ዝቅ ሲያደርግልኝ ከእመቤታችን ጋር ታረቅኩ።

ልጅቷ ቤት ከገባች በኋላ ነው እንግዲህ ጉዱ የመጣው። በዚያ በጋ ብዙዎቹ ሴቶች ከሲኞራዎቻቸው ጋር ባሕር ዳርቻ ስለነበሩ ስብሰባውን አልሰሙም። ሲመለሱ የደረሳቸው ወሬ “እድሩ ለልጅቷ ከፈለ” የሚል ብቻ ነበር። እድር ለምን እንደሚከፍል የሚያውቅ ያገሬ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይረዳል? ሐሙስ ከሰዓት ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ገና ከምድር ቤት ጀምረው “ዋይ! ዋይ ልጄን!” ሲሉ ጣሊያኖቹ ጎረቤቶቻችን በራቸውን እየከፈቱ ወጡ። እኔ ልብስ እያጠብኩ ነበር። እጄን እስካደርቅ ልጄ ቀድማ በሩን ከፈተችላቸው።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ፊት የነበረችው ሴት ደረጃው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ነገሩን ሳስረዳቸው እልልታ፣ መሳሳም፣ “አፈር ልብላ!” ሆነ። ድንገት አንዷ የያዘችውን ድስት አስታወሰችና ከጀርባዋ ልትደብቅ ሞከረች። ለለቅሶ የተቀቀለ ንፍሮ ነበር፣ ስንዴና ሽምብራ።

“ይሄ ለሞት የተሠራ ነው፤ የልጅ ዓይን አይይብኝ። ወጥቼ ልድፋው።”

“አይደፋም” አልኳት። “ለሷ ተብሎ ነው የተቀቀለው፣ እሷው ትበላዋለች።”

ድስቱን ከእጇ ተቀብዬ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ልጄን ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ለቀስተኞቹ ሁሉ እንደቆሙ፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዩአታል። እፍኝ ሙሉ ዘግና ጎረሰች፣ ጉንጯ እስኪያብጥ አኘከች፣ ዋጠች። ከዚያ ወደ እነሱ ቀና አለች።

“ጨው የለውም” አለች።