የቁርቁራው ንቦች

ትንሽ ሳለሁ፣ ሰሊጡ ሲያብብ፣ ጧት ጧት የምሠራት ተንኮል ነበረችኝ። ንብ የገባችበትን አበባ አፉን በጣቶቼ ቆንጠጥ አድርጌ ወደ ጆሮዬ አስጠጋለሁ። ውስጥ ሆና ስታጉረመርም ሳቄ ያመልጠኛል። ስለቃት እየተሳደበች የምትሄድ ይመስለኝ ነበር። ያን ጊዜ ንብ መፈለግ አያስፈልግም፤ በየአበባው አለች። ፊደል የለየሁት አምና ነውና እንዲህ ያለችው ነገር ወረቀት ላይ ስትቀመጥ ማየት እስካሁን ደስ ይለኛል።

ጣሊያን መተማ ከገባ በኋላ ከእርሻችን ማዶ ያለው ጫካ በሞተር ተመንጥሮ ጥጥ ተዘራበት። ቅጠሉ ላይ ተባይ የሚገድል ነጭ ዱቄት ይነሰነስበት ነበር። ሰሊጥ ከድንበር ማዶ ገላባት ገበያ ላይ ሲፈለግ ጊዜ ጎረቤቶቻችንም የእርሻቸውን ዳር ቁጥቋጦ እየመነጠሩ እስከ ወሰኑ ዘሩ። አባባም መነጠሩ። ከቀፎዎቻቸው አራቱ ባዶ ቀሩ። ንብ ያለበት ከጓሯችን ጀርባ ትልቁ ቁርቁራ ላይ የተሰቀለው ብቻ ነበር፤ እሱም ሳስቷል። አባባ ያንንም ዛፍ ሊቆርጡ መጥረቢያቸውን ሳሉ።

«ጥላው ሰሊጤን በላው» አሉ።

«ንቦቹስ?» አለች እናቴ።

«ቀፎውን ሌላ ዛፍ ላይ እሰቅለዋለሁ።»

«የቱ ዛፍ ላይ?»

አባባ መጥረቢያውን አላስቀመጡም።

በዚያው ሰሞን የእናቴ ዱባ ያብብና ፍሬው እንቁላል ሳያህል ቢጫ ሆኖ ይረግፍ ነበር። እናቴ ንብ ስለማትደርስበት ነው ብላ ፍሬ የማይዘውን አበባ ቀጥፌ ፍሬ ያለው አበባ ውስጥ እንዳሽ አሳየችኝ። በአጥሩ በኩል ያሉትን ሁሉ ጧት ጧት አሸሁ፤ የነካሁትን በክር አሰርኩ፤ የወዲያኛውን ተውኩት። አባባ ባዩኝ ቁጥር «ንቢቱ፣ ማሩ የታለ?» ይሉኛል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወስጄ አሳየኋቸው። ክር ያለበት ሁሉ አብጧል፤ ሌላው መሬት ላይ ተበትኗል። ቁጭ ብለው አንድ በአንድ አገላበጡት።

«እንግዲያው ሰሊጡንም አንቺው ታሺዋለሽ» አሉ።

«አባባ፣ እኔ አንድ ነኝ። አበባው እስከ ወንዙ ነው።»

«እርስዎም ያግዟት» አለች እናቴ። «ጢምዎ ለአበባ ዱቄት ይመቻል።»

ሳይወዱ ሳቁ። ዛፉ ሳይቆረጥ ቀረ፤ ከሥሩ ያለውን ቁጥቋጦም ሳይነኩ ተዉት።

ኅዳር ላይ ማር ሊቆርጡ ጭስ ይዘው ወጡ። እናቴ ቅሏን ይዛ ከታች ቆመች። አባባ ቀፎውን ከፍተው ብዙ ቆዩና ባዶ እጃቸውን ወረዱ።

«የለም እንዴ?» አለች።

«አለ። ለራሳቸው እንኳ አይበቃም፤ ከወሰድንባቸው ይሄዳሉ።»

«ባዶ ቅል ይዤ ስመለስ ጎረቤቴ ምን ትለኛለች?»

«ንቦቹ አሉ በያት» አሉና ጭሱን በእግራቸው አጠፉት።

ለጥምቀት ጠጅ የሌለበት ቤት የኛ ነበር።