ስለ በረኛችን የጻፍኩት ውሸት

የላይኛው ኮሌጅ አሰልጣኝ ከኪሱ ስልክ ሲያወጣ ከኋላው ሁለት እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜ ነበር። ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ተጫዋቾቹን ሰብስቦ አንዴ ስልኩን እያየ፣ አንዴ ሜዳውን በጣቱ እያመለከተ ይነግራቸዋል። ፀሐዩ አላሳይ ብሎት ስልኩን ወደ እኔ በኩል ዘወር ሲያደርገው ዓይኔ አረፈበት። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት በእኛ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ የለጠፍኩት ወረቀት፣ ከነስርዝ ድልዙ ፎቶ ተነሥቶ እጁ ላይ ነው።

"የግራ ተመላላሻቸው ከእረፍት በኋላ እግሩ ይከብደዋል። በእሱ በኩል ግቡ" አላቸው። ቃሉ የእኔው ነበር፤ አንድም ፊደል አልቀነሰበትም።

ሮጬ ለልጆቻችን እንዳልነግር ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። እስከ እረፍት ባዶ ለባዶ ቆየን፤ በእረፍቱም ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት አሳፍሮኝ ሳልነግራቸው ቀረሁ። ከእረፍት በኋላ በግራችን ገብተው ሁለት አገቡብን። የግራ ተመላላሻችን ሁለተኛው ጎል ሲገባ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ያስገባሁት እኔ ነኝ ብል ማን ያምነኛል?

በዚያ ዓመት በሰቆጣ ያሉ ኮሌጆች ቡድን አቋቁመው በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ይጋጠሙ ነበር። እኔ ደግሞ ከከተማው ግርጌ ባለው ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ሰዉ "የታችኞቹ" ይለናል። ኳስ የወደድኩት በሬዲዮ ነው። በልጅነቴ ሜዳ ገብታ የምትጫወት ሴት ስላላየሁ፣ ጨዋታውን በጆሮዬ እየሰማሁ በልቤ ነበር የምጫወተው። ውድድሩ ሲጀመር ነገሩ ከልቤ ሞልቶ ፈሰሰና በአንድ ወረቀት ላይ "የሳምንቱ ግምት" ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ቅዳሜ ማን እንደሚያሸንፍ፣ ለምን እንደሚያሸንፍ፣ የትኛው ተጫዋች ምን እንደሚጎድለው ጻፍኩ። ደረሰ። በሁለተኛውም ሳምንት ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሲሆን በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ሰው ይሰበሰብ ጀመር። ሻይ ቤት ስገባ "ቅዳሜ ማን ነው?" ይሉኛል። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አንድ ቄስ መስቀል ካሳለሙኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያንኑ ጠየቁኝ።

አንዳንዱ ሰው "አፍሽ ይከፋል" ይለኝ ነበር። የአባቴ ልጅ ስለሆንኩ ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ተማሪ ቅኔውን ሲያቀርብ ስሕተቱን ጓደኞቹ ፊት ነው የሚነግሩት፤ የተሳካለትንም እዚያው ያሞግሱታል። እኔም ተጫዋቾቹን እንደዚያው አደረግሁ። እውነት እስከሆነ ድረስ የጻፍኩት ሰው ይጎዳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከጨዋታው በኋላ የቡድናችንን አምበል ለብቻው ጠርቼ ያየሁትን ነገርኩት። ይጮኽብኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ላቡን በማሊያው እየጠረገ ፈገግ አለ።

"እንግዲያ የምትጽፊውን ያምናሉ ማለት ነው" አለኝ።

"እንዴታ! አምነው አይደል ያገቡብን?"

"ለዋንጫ የምንገናኘው ከእነሱው ጋር ነው። በረኛችን ከፍ ያለ ኳስ ይፈራል ብለሽ ጻፊ። ቀኑን ሙሉ እያሻገሩ ይዋሉ። እሱ ሁሉንም ይለቅምላቸዋል፤ እኛ ደግሞ ወጥተው ሲቀሩ በመልሶ ማጥቃት እንገባለን።"

በረኛችን ከጽጽቃ የመጣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። አፉን የፈታው በኽምጣና ነው፤ አማርኛ የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ስለሆነ ሲናገር ቃሉን አንድ በአንድ እየመረጠ ነው። ከፍ ያለ ኳስ መያዝ ላይ ግን በከተማው እሱን የሚያህል አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት ወረቀቴ ያሞገስኩት በዚሁ ነበር።

"እሱስ ምን ይላል?" አልኩት አምበሉን።

"እሱን ለእኔ ተይው።"

ማታ እራት ላይ ነገሩን ለአባቴ አነሣሁት። "አባባ፣ ተጋጣሚን ለማታለል የተጻፈ ውሸት ኃጢአት ነው?"

አባቴ ሳቁ። "ለኳስ ነው?"

"ለኳስ ነው።"

"ወረቀቱን የምትለጥፊው የት ነው?"

"እንደ ወትሮው፣ በሩ ላይ።"

"እንግዲያ የሚያነቡት እነሱ ብቻ አይደሉም" አሉኝና ወደ እራታቸው ተመለሱ። እኔ ያየሁት ሳቃቸውን ነው። ፈቀዱልኝ ብዬ ተነሣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ጻፍኩት። እንዲያምኑኝ ብዬ አሳምሬ ነበር የጻፍኩት፤ ይኼ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። "በረኛችን ሲያዩት ግርማ አለው። ቀረብ ብሎ ላስተዋለው ግን ከፍ ያለ ኳስ ሲመጣበት ጉልበቱ ይብረከረካል። እስከ ዛሬ ያዳነው ዕድል ነው" አልኩ። ለጠፍኩት። ሲያነቡ የነበሩ ተማሪዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ "እኔም እኮ ጠርጥሬ ነበር" አለች። ሰው ያላየውን ነገር አየሁ ሲል ስሰማ ሣቄ መጣ።

አርብ ከሰዓት በረኛው ወደ ቤተ መጻሕፍት መጣ። ከረቡዕ ጀምሮ ለአጎቱ ለቅሶ አገር ቤት ሄዶ ነበር፤ ጫማው ላይ የመንገድ አቧራ አለ። የአማርኛ መዝገበ ቃላት እንዳወጣለት ጠየቀኝ። የቤት ሥራ ይሆናል ብዬ ሰጠሁት። መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ገጹን ቀስ እያለ ገለጠ። አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አሳርፎ ቆየ። ከዚያ መጽሐፉን መልሶ፣ "አመሰግናለሁ እቴ" ብሎኝ ወጣ። ነፍስ ይማር እንኳ አላልኩትም፤ የተመለሱ መጻሕፍት እየመዘገብኩ ነበር።

ቅዳሜ ሜዳው ጠጠር መጣያ አልነበረውም። ከጋዝጊብላ ድረስ በእግራቸው የመጡ ደጋፊዎች ነበሩ። የላይኞቹ ገና ከመጀመሪያው ኳስ ማሻገር ያዙ። አምበላችን ከሩቅ ዓይኔን ፈልጎ ጠቀሰኝ። እኔም ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ወጥመዱ ውስጥ ገቡልን።

የመጀመሪያው ከፍ ያለ ኳስ መጣ። በረኛችን ሁለት እርምጃ ወጣ፤ ቆመ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ። አጥቂያቸው ብቻውን በግንባሩ አገባው።

አጋጣሚ ነው አልኩ። የማዕዘን ምት መጣ። በዚህኛው ኳሱን ትቼ እሱን አየሁት። ኳሱ ገና አየር ላይ ሳለ አንገቱን ደፍቶ የራሱን ጉልበት ያያል። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ጉልበቱን ነበር የሚያየው። ኳሱ ከእጁ አምልጦ ገባ።

ያኔ መዝገበ ቃላቱ ትዝ አለኝ። "ይብረከረካል" የሚለውን ቃል ፍቺ ሊፈልግ ነበር የመጣው። እኔው በእጄ አውጥቼ ሰጠሁት።

ሰዉን እየገፋሁ ሄጄ እረፍት ሲወጡ አምበሉን ያዝኩት። "ነግረኸው ነበር?"

ፊቱ ተለዋወጠ። "ለቅሶ ሄዶ አጣሁት። አሰልጣኙ ይነግረዋል ብዬ..."

አሰልጣኛችን ዞር አለ። "እኔ ደግሞ አንተ የነገርከው መስሎኝ!" አለና እኔን አየኝ። "አንቺስ? የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

አምበሉ ሮጦ ሄዶ ትከሻውን አቅፎ አስረዳው። "ውሸት ነው ወንድሜ፣ እነሱን ለማታለል ነው" ሲለው ከቆምኩበት ይሰማኛል። በረኛው ራሱን እሺ ብሎ ነቀነቀ። ቀና ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ። በዓይኑ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። ግራ የገባው ሰው ዓይን ነበር። እኔም በቃ፣ ነገሩ ተስተካከለ ብዬ ተነፈስኩ።

አልተስተካከለም። ከእረፍት በኋላ እንዲያውም ባሰበት። ቀድሞ ሳያስብ የሚይዘውን ኳስ አሁን እያሰበ ሊይዘው ይሞክራል፤ ኳስ ደግሞ አስቦ ለሚጠብቃት አትቆምም። ሦስተኛው ጎል በጣም ቀላል ስለነበር የላይኞቹ ደጋፊዎች እንኳ ወዲያው አልጮኹም። እኛ አንድ አገባን። ፊሽካው ሲነፋ በረኛችን ጓንቱን አውልቆ ከግቡ ቋሚ ሥር አስቀመጠ፣ ማንንም ሳያናግር ሜዳውን አቋርጦ ሄደ።

ሰኞ ክፍል አልገባም፤ ማክሰኞም። ረቡዕ የመኝታ ክፍል ጓደኛው ዕቃውን ሸክፎ አገሩ እንደገባ ነገረኝ። ኮሌጁን ትቶ! ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ጽጽቃ በሚሄድ አይሱዙ ጋቢና ገባሁ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳሰናዳ ዋልኩ።

ቤታቸው ስደርስ እናቱ ደጅ ላይ እህል ያበጥራሉ። በተሰባበረ አማርኛ ማን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። "ከኮሌጁ ነኝ፣ የቤተ መጻሕፍቷ" ስላቸው ሰፌዱን አስቀምጠው ተነሡ። ሁለቱንም ጉንጬን ደጋግመው ሳሙኝ።

"አንቺ ነሽ? ልጄን ያመሰገንሽው?" አሉኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ወረቀቴን በደብተሩ ገልብጦ፣ ወደ ኽምጣና እየመለሰ አንብቦላቸው ኖሯል። ስለ ሁለተኛው ምንም አልነገራቸውም። ለምን ኮሌጁን ትቶ እንደመጣም አያውቁም። ጠላ ቀዱልኝ፣ ቆሎ አቀረቡልኝ።

እሱ አውድማው ላይ ነበር። ሲያየኝ መንሹን አስቀምጦ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ያሰናዳሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ከፍ ያለ ኳስ ፈርተህ አታውቅም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት አልኩት።

"ሳነበው አመንኩሽ" አለ። "ሁልጊዜ የምትጽፊው ይደርሳል። እኔ ያላወቅኩትን ከውስጤ አየች አልኩ።"

"አላየሁም። ውሸት ነው።"

"አምበሉም ውሸት ነው ብሎኛል።" ጭድ ከክንዱ ላይ አራገፈና ቀና አለ። "ታዲያ የመጀመሪያውስ?"

"የቱ?"

"ድንቅ ነው ያልሽው። ለእናቴ ያነበብኩላት።"

ይኼ ጥያቄ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። "እሱ እውነት ነው" አልኩት፤ ድምፄ ግን ለራሴም የሚታመን አልነበረም።

"በምን ላውቅ እቴ? ያንንም የጻፈው ይኸው እጅሽ ነው።"

ውሸቴ አንድ ጨዋታ ያበላሸ መስሎኝ ነበር የሄድኩት። ለካስ እውነቴንም ይዞት ሄዷል። ስለ ልጁ አንድ ጥሩ ነገር ከጻፍኩ ያ የመጀመሪያው ወረቀት ነበር፤ እሱንም ከእናቱ ጆሮ ልቀማው ምንም አልቀረኝ።

"ተመለስ፤ ለትምህርትህ ስትል" አልኩት። "አስባለሁ" አለ። እናቱ እስከ መንገዱ ሸኙኝ፤ ለአባቴ ብለው እንቁላል በጭድ ጠቅልለው ሰጡኝ። እውነቱን አልነገርኳቸውም። አቃተኝ።

በተከታዩ ሐሙስ በሩ ላይ ግምት አልለጠፍኩም። ያደረግኩትን ከነምክንያቱ ጻፍኩ፤ አምበሉንና አሰልጣኙን ሳላነሣ ሁሉንም በራሴ ላይ አድርጌ። ሰው ተሰብስቦ አነበበ። እንደ ሌላው ጊዜ የሚስቅ አልነበረም። አምበሉ "ምን ይጠቅመናል ገመናን አደባባይ ማውጣት?" ብሎ ተቆጣኝና ለብዙ ቀን አኮረፈኝ። "እኔም ጠርጥሬ ነበር" ያለችው ልጅ ከወረቀቱ ፊት ረጅም ጊዜ ቆማ ቀና ብላ ሳታየኝ ሄደች። አባቴም ሰምተው ኖሮ ማታ ላይ "ጻፍሽው?" ብቻ አሉኝ። ጻፍኩት አልኳቸው።

ልጁ ከጥምቀት በኋላ ተመለሰ። ቤተ መጻሕፍት ሲገባ ሰላም ይለኛል፣ መጽሐፍ ይዋሳል፣ ይመልሳል። "እቴ" ማለቱን አልተወም። ከዚያ ያለፈ ወሬ ግን የለንም።

የወዳጅነት ጨዋታ በተደረገ ቀን ግብ ላይ ቆሞ አየሁት። የመጀመሪያው ከፍ ያለ ኳስ ሲሻገር ማየት አቅቶኝ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። አጠገቤ የነበሩትን ሽማግሌ "ያዘው?" አልኳቸው።

"ያዘው፤ አንቺ ምን ሆነሻል?" አሉኝ።

ቀጥሎ የመጣውን ለቀቀና ገባበት። ከዚያ ደግሞ ሁለት አከታትሎ አወጣ። እንደ ማንኛውም በረኛ አንዳንዴ የሚይዝ፣ አንዳንዴ የሚለቅ ሆነ፤ እንደ ድሮው ሆኖ ግን አላየሁትም። ጨዋታው ሲያልቅ ጓንቱን አወለቀና ከጓደኞቹ ጋር እየተሳሳቀ ወጣ። ወደ ቤቴ ስመለስ ሻይ ቤቱ በር ላይ የተቀመጡት ልጆች "የሚቀጥለው ቅዳሜስ ማን ነው?" ብለው ጠሩኝ። እንደማላውቅ ነገርኳቸው። አላመኑኝም፤ ደብቃ ነው ብለው ሳቁ።