በቆርኪ የቀለጠ አበባ

ድምፄ ያስጠላል። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ የሰፈራችን ልጃገረዶች በአንድ ቃል የፈረዱት ነው። ለእንቁጣጣሽ ዘፈን ስንለማመድ «አንቺ አጨብጭቢ ብቻ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ የማጨበጭብ ሰው አይደለሁም። «በቃ! እንደ ወንዶቹ ስዕል እሥላለሁ» ብዬ ጥያቸው ሄድኩ። በእኛ ጉለሌ ደንቡ የታወቀ ነበር። ሴቶች ይዘፍናሉ፣ ወንዶች ፀሐይና አደይ አበባ ሥለው በየቤቱ ያድላሉ። ሴት ልጅ የሣለችውን ካርድ ይዛ ስትዞር ያየ አልነበረም።

ከለሩን የማገኘው ከእማዬ ነው። እማዬ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ሕፃናቱ ሰባብረው የጣሉትን የሰም ከለር ስትጠርግ ለቅማ በሽርጧ ኪስ ይዛልኝ ትመጣለች። ታዲያ አንዱ ባቄላ፣ አንዱ ምስር ያህላል። በጣት አይያዝ፣ ወረቀት ላይ አይሄድ፣ ሊጣል ደግሞ ያሳዝናል። እኔም በቆርቆሮ ጣሳ እያጠራቀምኩ ምን እንደማደርገው ሳስብ ከረምኩ።

አንድ የነሐሴ ቀን፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ፣ ከሰል ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ ጣሳውን ሳመሰው ቀዩ ስባሪ አምልጦኝ የምድጃው ጠርዝ ላይ ወደቀ። ላነሳው ስል ተንሸራተተ። ዐይኔ እያየ ውሃ ሆነ። ጉድ! ደረቅ የነበረው ነገር ፈሰሰና ምድጃው ሲበርድ መልሶ ደረቀ። በጥፍሬ ፈቅፍቄ አነሳሁትና ደግሜ አቀለጥኩት። አሁንም ያው ነው። እንዴት ነው ነገሩ? የትኛው ነው እውነተኛው መልኩ?

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! የለስላሳ ቆርኪ ለቃቀምኩ። በአንዱ ቢጫ፣ በአንዱ ቀይ፣ በአንዱ ሰማያዊ ጨምሬ ፍሙ ላይ ደረደርኳቸው፤ ሲቀልጡ በወንድሜ ፒንሳ አነሳቸዋለሁ። ቢጫና ሰማያዊ ሲቀላቀሉ አረንጓዴ እንደሚወጣቸው ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሁሉን ባንድ ላይ ስደባልቀው ግን እበት የመሰለ ነገር ወጣኝና ተናደድኩ። በክብሪት እንጨት ወረቀቱ ላይ አንድ ጠብታ አደርግና ቀለም ባለቀበት የእስክሪብቶ ቀፎ እፍ ስለው ጠብታው ተስቦ ቅጠል ይሆናል። ስምንቴ እፍ ካልኩ አደይ አበባ ነው። በዚያ ላይ በእጅ ይዳሰሳል፤ ጣትሽን ብታሳልፊበት ቅጠሉን አንድ ባንድ መቁጠር ትችያለሽ። የወንዶቹ ስዕል ይህ የለውም፣ የት አባቱ!

እማዬ ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሰሏን ስፈጅ ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ ነበር። ያን ሰሞን ግን ልቧ ቤት ውስጥ አልነበረም። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሰሜን፣ ቆላ አገር ነው ያለው። በየወሩ ይጽፍ የነበረው ልጅ አምስት ወር ድምፁ ጠፋና ሐምሌ ላይ አንድ ደብዳቤ መጣ። «ደህና ነኝ» ይላል። ስሙም አለበት። ጽሕፈቱ ግን የእሱ አይደለም። እማዬ በቀበሌው መሠረተ ትምህርት ስትማር ማታ ማታ ፊደል ያስጠናት እሱ ነው፤ አጻጻፉን እንደ መልኩ ታውቀዋለች። ደብዳቤውን ገልብጣ አገላብጣ አየችውና «ልጄ የለም» አለች። «ጓደኞቹ ናቸው የሚጽፉልኝ።»

እንዲህ የምትለው ያለ ነገር አይደለም። በአገራችን መርዶ በድንገት አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ይሰማል፣ ይመክራል፣ ይደብቃል፣ እናት የምታውቀው ከሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ እማዬ ሰው ሁሉ የደበቃት መሰላት። ጠዋት በር ሲንኳኳ ትደርቃለች። ባለሱቁ ጋሼ፣ ጥግ ላይ ያሉት፣ ከባቲ የመጡ ሙስሊም ጎረቤታችን፣ አንድ ቀን ሎሚ ሸጠውላት ሁለት ቢመርቁላት «ምን ሰምተህ ነው ዛሬ እጅህ የተፈታው?» ብላ አፋጠጠቻቸው። እሳቸውም «ወላሂ ሎሚው ሊበላሽብኝ ስለሆነ ነው!» አሉ። አላመነቻቸውም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች ወጣች።

እኔ ለእንቁጣጣሽ ካርዶቼን ስሠራ ከሁሉ የተዋበውን ለወንድሜ አደረግኩት። ወረቀቱን ለሁለት አጥፌ ውስጡ ትልቅ ቢጫ አበባ አፈሰስኩበት፣ መሃሉን ቀይ። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እንኳን አደረሰህ። እማዬ ደብዳቤው ያንተ እጅ አይደለም እያለች አትተኛም። ካለህ ንገራት።» ለእማዬ ሳላሳያት ላክሁት።

በሦስተኛው ቀን ለባለሱቁ ጋሼ ካርዴን ወስጄ ለወንድሜም እንደላክሁለት በኩራት ስነግራቸው ሳቁ። «ሰም ነው እኮ ይሄ! ሰም ወደ ቆላ ትልኪያለሽ? እኛ አገር ሻማ ሳይለኮስ ነው የሚጎብጠው!»

እኔ ምን ላውቅ? የእንጦጦ ብርድ ያሳደገኝ ልጅ ነኝ። ለእኔ ሙቀት ማለት ምድጃ ነው፤ ምድጃ የሌለበት አገር እንዴት ይሞቃል? ቤት ሮጬ ሄጄ አንድ ካርድ አጥፌ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩና ጠበቅሁ። ለሰለሰ፣ ተጣበቀ። ልገልጠው ብሞክር ተቀደደ። ጽሑፉም አብሮ ሄደ። ያን ቀን አለቀስኩ። እማዬ ምን ሆነሽ ነው ስትለኝ ጭሱ ነው አልኳት።

ኅዳር ላይ እማዬ ከሥራ ስትመለስ ፖስታ ይዛ ገባች። ደብዳቤያችን የሚመጣው በመሥሪያ ቤቷ ሳጥን ነው። አልከፈተችውም ነበር። «አንብቢው» ብላኝ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ከፈትኩት፤ ያው የባዕድ ጽሕፈት። የእማዬ ፊት ጠቆረ። አነበብኩላት፦ «እህቴ፣ ካርድሽ ተጣብቆ ደረሰኝ። ቀስ ብዬ ሳላቅቀው አበባው ከሁለቱም በኩል ታተመ። ድንጋይ ላይ አድርጌ ፀሐይ እስክታለሰልሰው ጠበቅሁ። ለእማዬ ስጫት።»

ከደብዳቤው ጋር ካርዴ ነበር። እንዳይጣበቅ መሃሉ ላይ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ገብቶበታል። አበባዬ ተጨማድዷል፣ ቅጠሎቹ ተዋውጠዋል፤ ቀዩ መሃል ላይ ግን አንድ አውራ ጣት ተጭኖ ቀርቷል፣ ጥልቅ ብሎ። በጣቱ አሻራ ላይ አንድ መስመር አግድም አልፏል።

እማዬ ነጥቃኝ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። ወንድሜ በልጅነቱ እንጨት ሲፈልጥ ፋሱ ስቶት የግራ አውራ ጣቱን ሰንጥቆት ነበር፤ የቡና ዱቄት ነስንሳ ደሙን ያቆመችለት እሷ ናት። ጣቷን ጠባሳው ላይ አሳለፈች። ደግማ አሳለፈች። ከዚያ ጮኸች፣ ምን ዓይነት ጩኸት!

ጎረቤቱ መርዶው ተነገራት ብሎ እየሮጠ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ደረሱ። ባለሱቁ ጋሼ በአንድ እግር ጫማ ነው የመጡት። እማዬ መሃላቸው ቆማ ካርዱን እያውለበለበች «አለ! ልጄ አለ!» ትላለች። እያለቀሰ የመጣው መልሶ ሲስቅ፣ ሲስቅ የነበረው ሲያለቅስ፣ ቤቱ ተቀወጠ።

እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የእኔ ነገር፣ ሳልጠይቅ አላድር። «እማዬ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «ማተም ከቻለ ለምን ራሱ አልጻፈውም?»

ባለሱቁ ጋሼ አቀርቅረው ጫማ የሌለውን እግራቸውን ማየት ጀመሩ። እማዬ «ዝም በይ አንቺ! አለ አይደል?» አለችና ካርዱን ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ እማዬ አምሽታ መጣች፤ አንድ የካርቶን ሣጥን ይዛለች። አዲስ ጥቁር የወንድ ጫማ ነው። «የማነው?» አልኳት። «የወንድምሽ ነዋ፣ ሲመጣ የሚያደርገው።» ገልብጬ አየሁት። «ማሰሪያ የለውም እኮ! እሱ የሚወደው ባለ ክሩን ነው።» «አንቺ ልጅ፣ ጥያቄ አታብዢ» ብላ አልጋ ሥር ገፋችው። እንደዚያ ቀን በእማዬ ግትርነት ተናድጄ አላውቅም።

ከአንድ ዓመት ከምናምን በኋላ አንድ ከሰዓት በሩ ተገፍቶ ወንድሜ ገባ። ከስቷል፣ ጠቁሯል። የቀኝ እጅጌው ባዶ ነው፤ ጫፉን ኪሱ ውስጥ ከቶታል። በግራ እጁ አቀፈኝ። እኔ ጠያቂዋ እጅጌውን ይዤ መልቀቅ አቃተኝ። እማዬ ግን የግራ አውራ ጣቱን ይዛ ሳመችው፣ አገላብጣ ሳመችው፣ አንድ ጥያቄም አልጠየቀችው። አስቀመጠችው። ከዚያ ተንበርክካ ከአልጋው ሥር ሣጥኑን ጎተተች፣ አቧራውን በነጠላዋ ጠረገች፣ ጫማውን እግሩ ሥር አኖረችለት።

እግሩን አስገባ። ልኩ ነው። ጎንበስ ብሎ አየውና «ክር የለውም» አለ።

«አዎ» አለች እማዬ። «ካርዱ በመጣ በማግስቱ ነው የገዛሁልህ።»